የሰባት ወር እንደራሴ፦ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት



ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ተረተር ላይ ቆሞ ቁልቁል ወደ አዲስ አበባ የሚመለከት ሰው ዛሬ የሚያየው ጥቅጥቅ ያለ ቤትና ጎዳና ነው። በሚያዝያ ወር 1928 ዓ.ም. መጨረሻ ቀናት ግን ከዚህ ኮረብታ ይታይ የነበረው የሚቃጠል ከተማ ጢስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። ከዚያች ቀን አንሥቶ የኢጣሊያ ጦር ሚያዝያ 27 ቀን እስኪገባ ድረስ ከተማይቱ ጠባቂ አልነበራትም፤ መደብር ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ ሰውም ተገደለ። የውጭ አገር ሰዎች በየካ ኮረብታ ግርጌ ባለው የእንግሊዝ ሌጋሲዮንና በፈረንሳይ ሌጋሲዮን ቅጥር ውስጥ ተጠልለው ሌሊቱን ያሳልፉ ነበር።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ ከወላጆቻችን ስንሰማ፣ ንጉሡ ከሄዱና ጠላት ከገባ በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ጨርሶ የጠፋ ይመስለናል። እንዲህ አልነበረም። በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት፣ በጎሬ ከተማ ለጥቂት ወራት የቆየ መንግሥት ነበር። በዚያም መንግሥት ላይ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ነበሩ። ራስ እምሩ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አልነበሩም፤ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ ሕይወታቸው በብዙ ስፍራ ከእኛ ታሪክ ጋር ይገናኛል፤ ሥልጣን የያዘ ክርስቲያን ሁሉ ሊያስብበት የሚገባውንም ጥያቄ በፊታችን ያኖራል።

ራስ እምሩ በኅዳር ወር 1885 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ይባላሉ። ከልጅ ተፈሪ መኮንን፣ ማለትም ከኋለኛው ንጉሠ ነገሥት ጋር የሥጋ ዘመዶች ሲሆኑ፣ በዕድሜም የሚለያዩት በአራት ወር ብቻ ነበር። ሁለቱም በሐረር በልዑል ራስ መኮንን ቤት አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ።

በዚያን ጊዜ በሐረር የካቶሊክ ሚስዮን ሐዋርያዊ እንደራሴ የነበሩት ፈረንሳዊው ካፑቺን ሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ ናቸው። ሕዝቡ አባ እንድርያስ እያለ ይጠራቸው ነበር። ራስ መኮንን ለልጃቸው ትምህርት የእኒህን አባት ርዳታ በጠየቁ ጊዜ፣ በሚስዮኑ ያደጉት ኢትዮጵያዊ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ለመምህርነት ተሰጡ። አባ ሳሙኤል ንባብና ቋንቋ ከማስተማር በላይ የጠባይ መምህር ነበሩ፤ ያስተማሯቸው ሁሉ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻ በፍቅር ያስታውሷቸዋል። በ1907 ዓ.ም. ደጃዝማች ተፈሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር በሐሮማያ ሐይቅ ላይ ሳሉ ጀልባዋ ውሃ ሞልቶባት በሰጠመች ጊዜ፣ ሕይወታቸውን ካጡት ሰዎች መካከል አባ ሳሙኤል አንዱ ሆኑ። የአንድ መምህር ሥራ በመቃብሩ እንደማያበቃ ከዚህ እንረዳለን፤ ከሁለቱ ልጆች አንዱ ንጉሠ ነገሥት፣ ሁለተኛው ደግሞ በመከራ ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ሆነዋልና።

እምሩ ለአካለ መጠን ሲደርሱ በሐረርጌ፣ ቀጥሎም በወሎ አስተዳዳሪ ሆነው አገለገሉ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ገዥነት በተሻሩ ጊዜ፣ እምሩ በራስነት ማዕረግ ወደ ደብረ ማርቆስ ተላኩ። የጎጃም ሕዝብ የራሱን ባላባት ቤት ለረጅም ዘመን ሲያይ የኖረ በመሆኑ፣ ከሸዋ የተላከን ሹም ሁሉም በደስታ አልተቀበለም። ራስ እምሩ በዚያ አገር ሦስት ዓመት ያህል እንደቆዩ ጦርነቱ መጣ።

ኢጣሊያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ፣ ራስ እምሩ የጎጃምን ሠራዊት ይዘው እስከ ትግራይ ድረስ በእግር እንዲዘምቱ ታዘዙ። መንገዱ እጅግ ረጅም ነበር። ከኋላቸውም ደጃዝማች ገሠሠ በለው በጎጃም ሸፈቱባቸው፤ ብዙ ወታደሮችም በየመንገዱ ከዱ። ሆኖም በታኅሣሥ ወር ተከዜን ተሻግረው በደምበጉና በር ከኢጣሊያ ጦር ጋር በገጠሙ ጊዜ ድል የእርሳቸው ሆነ። ጠብመንጃና ጎራዴ የያዙ እግረኞች የጠላትን ታንኮች ከብበው ከጥቅም ውጭ አደረጉ። በሰሜኑ ግንባር ኢትዮጵያውያን ወደ ፊት የገፉበት ጊዜ ይህ ነበር።

የዚህ ድል መልስ ከሰማይ መጣ። በዚያው ታኅሣሥ ወር የኢጣሊያ አውሮፕላኖች በተከዜ ሸለቆ የመርዝ ጋዝ የያዙ በርሜሎች ጣሉ። የሚቃጥለው ፈሳሽ የነካው እጅና እግር ተልጦ ቆሰለ፤ ፊት አበጠ፤ ዓይንም ታወረ። ውሃ ሊጠጡ ወደ ወንዙ የወረዱት ወታደሮች ብቻ ሳይሆኑ ገበሬዎችና ከብቶችም በዚያው ተጎዱ። ኢጣሊያ እንዲህ ያለውን መርዝ በጦርነት ላለመጠቀም በ1917 ዓ.ም. በጄኔቫ የቃል ኪዳን ፊርማዋን ያኖረች አገር ነበረች። በመጨረሻም በየካቲት 1928 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በተደረገው የሽሬ ጦርነት የራስ እምሩ ሠራዊት ተሸነፈ፤ ወደ ተከዜ ሲያፈገፍግም በአውሮፕላን እየተደበደበ ተበታተነ። ንጉሠ ነገሥቱም መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ድል ሆኑ።

በአዲስ አበባ የተሰበሰበው የመኳንንት ጉባኤ መንግሥቱን ወደ ጎሬ አዛውሮ ጦርነቱን ስለ መቀጠል ተከራከረ። በኋላ ግን የብዙዎቹ ምክር ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ጄኔቫ ሄደው በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤት ይበሉ የሚል ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ከመሄዳቸው በፊት ራስ እምሩን እንደራሴ አደረጉ፤ ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹም በጎሬ የሚቆመውን ጊዜያዊ መንግሥት እንዲመሩ ተሾሙ። ሽልማትና ግብር የሌለበት ሹመት ነበር። ራስ እምሩ ከተሸነፈ ሠራዊታቸው የተረፉትን ጥቂት ሰዎች ይዘው፣ በዓመፅ ከታመሰችው ጎጃም ወጥተው፣ ዓባይን ተሻግረው ወደ ምዕራብ አመሩ።

ጎሬ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። አገሩ ደጋና ጫካ ነው፤ ቡናም በብዛት ይገኝበታል። ከጎሬ በታች በባሮ ወንዝ ዳር ያለችው ጋምቤላ በ1894 ዓ.ም. በተደረገው ውል መሠረት ከእንግሊዝ ሱዳን ጋር ንግድ የሚካሄድባት የወንዝ ወደብ ሆና ነበር። ስለዚህም በጎሬ የእንግሊዝ ቆንስል ይኖር ነበር። የጊዜያዊው መንግሥት ሹማምንት በዚህ በኩል መሣሪያና ወዳጅ እናገኛለን ብለው ተስፋ ያደርጉ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በሰኔ ወር በጄኔቫ ቆመው ሲናገሩ፣ በአገራቸው ውስጥ ገና ያልተያዘ ግዛትና የቆመ መንግሥት መኖሩን አስረድተዋል። በመስከረም 1929 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ የኢትዮጵያን መልእክተኞች ለመቀበል ወይም ለመመለስ በተከራከረ ጊዜም፣ ከቀረቡት ነገሮች አንዱ ይኸው የጎሬ ጉዳይ ነበር፤ ጉባኤውም መልእክተኞቹን በብዙ ድምፅ ተቀበለ። እንግዲህ ያች ትንሽ ከተማ በዓለም አደባባይ ለአንድ አገር ሕልውና ምስክር ሆና ቆማ ነበር ማለት ነው።

በአገሩ ውስጥ ግን ነገሩ ከዚህ እጅግ የከበደ ነበር። ጊዜያዊው መንግሥት ገንዘብ የለውም፤ ለወታደር ቀለብ የሚሰጥበት መንገድ አልነበረውም። ቀለብ ያልተሰጠው ወታደር ደግሞ የገበሬውን ጎተራ ይከፍታል። በወለጋና በኢሉባቦር የሚኖረው የኦሮሞ ሕዝብ ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ በገባር ሥርዓት ሥር ለመልከኞችና ለነፍጠኞች ሲገብርና ሲሠራ የኖረ ነው። መንግሥት ማለት ለእርሱ የሚጠብቀው ሳይሆን የሚወስድበት ነበር። አሁን ያው መንግሥት ተሸንፎና ተርቦ ወደ ደጁ ሲመጣ፣ ገበሬው ልጁንና እህሉን በፈቃዱ ይሰጣል ብሎ መጠበቅ የሚቻል አልነበረም።

በዚህም ምክንያት በምዕራብ ሌላ መንግሥት ለመመሥረት ተሞከረ። የነቀምቱ ደጃዝማች ሀብተ ማርያም ገብረ እግዚአብሔርና ሌሎች የኦሮሞ ባላባቶች፣ በቁጥር ሠላሳ ሦስት ሆነው፣ የምዕራብ ኦሮሞ ኅብረት እንዲቆምና ሕዝቡ ራሱን ለማስተዳደር እስኪበቃ ድረስ በእንግሊዝ ሞግዚትነት እንዲጠበቅ የሚለምን ደብዳቤ ጽፈው በጎሬው ቆንስል በኩል ለመንግሥታት ማኅበር ላኩ። ልመናቸው ተቀባይነት አላገኘም። ይህን ታሪክ የሚጽፉ አንዳንዶች ባላባቶቹን በክህደት ሲከሷቸው፣ ሌሎች ደግሞ የነፃነት ጀማሪዎች ያደርጓቸዋል። ከሁለቱ ፍርድ በፊት ግን ሊጠየቅ የሚገባው፣ ይህ ሕዝብ በሰላሙ ዘመን ስለ አገዛዙ ፈቃዱን ተጠይቆ ያውቅ ነበርን የሚለው ነው። በሰላም ጊዜ ያልተዘራ ፍቅር በጦርነት ጊዜ አይታጨድም። የጎሬ መንግሥት የወደቀው በኢጣሊያ መድፍ ብቻ ሳይሆን፣ ከእርሱ በፊት በነበሩት ዓመታት በተሠራው በደልም ጭምር ነበር።

በነቀምት ደግሞ ሌላ ወገን ተነሥቶ ነበር። የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ወጣት መኮንኖች፣ በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች፣ ከኢጣሊያ ጦር የከዱ ኤርትራውያንም ተሰብስበው ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የእንስሳት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ መሪያቸው ሆኑ። ሰኔ 19 ለ20 ሌሊት እነዚህ ወጣቶች ከነቀምት አጠገብ ቦነያ በተባለ ስፍራ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ የአየር ኃይሉን ጄኔራል ማሊዮኮን ጨምሮ የመጡትን መኮንኖች ገደሉ። ከመጡት ኢጣሊያውያን በሕይወት የተረፉት አንድ የካቶሊክ ካህን፣ የኮንሶላታ ሚስዮናዊው አባ ማርዮ ቦሬሎ ብቻ ነበሩ። እርሳቸውንም ደጃዝማች ሀብተ ማርያም አስጠለሏቸው።

ይህ ነገር ለእኛ ካቶሊካውያን በዝምታ የሚታለፍ አይደለም። ካህን ከወራሪ ጦር መኮንኖች ጋር በአንድ አውሮፕላን መምጣቱ፣ ወንጌልና ወረራ በአንድ መንገድ የሚጓዙ አስመስሎ በብዙ ኢትዮጵያውያን ልብ ውስጥ ቁስል ተክሏል። በኢጣሊያም ጦርነቱን በአደባባይ የባረኩ ጳጳሳት እንደነበሩ የታወቀ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በሐረር ዕድሜያቸውን ሙሉ ለኢትዮጵያውያን የሰጡት አባ እንድርያስ ዣሮሶ በወረራው ዘመን ከሚወዱት አገር እንዲወጡ ተገደዱ፤ በ1933 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በቱሉዝ ከተማ አረፉ። ሁለቱንም በአንድነት ማስታወስ ይገባናል፤ የሚያስመሰግነውን ብቻ መርጦ መተረክ እውነት አይሆንምና።

የጥቁር አንበሳ ማኅበር አሥር አንቀጽ ያለው መተዳደሪያ ደንብ ነበረው። በዚህ ደንብ የጦሩ ክፍል ለሲቪሉ ክፍል እንዲታዘዝ፣ ገበሬው እንዳይበደል፣ ምርኮኛም እንዳይጎዳ ታዝዟል። ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ መሆን፣ ወደ ስደት አለመሄድ፣ በጠላትም እጅ ከመውደቅ ሞትን መምረጥ የሚሉም ነበሩበት። ወጣቶቹ ልዑል ራስ እምሩ መሪያቸው እንዲሆኑ ጠየቁ። ራስ እምሩ አስቀድመው ቢያመነቱም በመጨረሻ ልመናቸውን ተቀበሉ። ከአንድ ወገን የድሮውን መንግሥት ማዕረግ የያዙ መስፍን፣ ከሌላው ወገን አዲስ አሳብ የያዙ ወጣቶች፣ በአንድ ችግር ምክንያት በአንድ ሰፈር ተሰበሰቡ።

ወደ ሸዋ ተጉዘው አዲስ አበባን ለማስለቀቅ ያሰቡት አሳብ ግን አልሰመረም። ክረምቱ ገብቶ ወንዙ ሞላ፤ መንገዱም ተዘጋ፤ በየደረሱበት የሚቀበላቸው ሕዝብ ከሚወጋቸው ይልቅ ያነሰ ነበር። ከሰሜን የመጡት የደጃዝማች አበራ ካሣ አርበኞች ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ገብተው በተዋጉ ጊዜ ከምዕራብ የሚደርስላቸው ኃይል አልነበረም። ጥቃቱም ከሸፈ፤ በማግሥቱ ሐምሌ 22 ቀን ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

ክረምቱ እንዳለፈ የኢጣሊያ ጦር ወደ ምዕራብ ዘመተ። ነቀምት ተያዘች፤ በኅዳር ወር 1929 ዓ.ም. ደግሞ ጎሬ ወደቀች። በጎሬ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ሚካኤል፣ በ1921 ዓ.ም. ከአቡነ ጴጥሮስ ጋር በእስክንድርያ መንበር ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ፣ ለወራሪው መገዛትን ባለመቀበላቸው ተገደሉ። የጎሬ መንግሥት በዚህ አበቃ፤ ከቆመ ሰባት ወር ያህል ሆኖት ነበር።

ራስ እምሩ ከተከታዮቻቸው ጋር ወደ ደቡብ፣ ወደ ከፋ አቅጣጫ አፈገፈጉ። ጠላት ከየአቅጣጫው እየጠበበ መጥቶ በጎጀብ ወንዝ ዳር ከበባቸው። ከኋላ ጦር፣ ከፊት ወንዝ፣ በዙሪያም ወዳጅ ያልሆነ አገር ነበር። የማኅበሩ ደንብ በጠላት እጅ ከመውደቅ መሞትን ያዝዛል። ራስ እምሩ ግን የቀረው ወገናቸው እንዳያልቅ ብለው ታኅሣሥ 9 ቀን 1929 ዓ.ም. እጃቸውን ሰጡ።

ይህን ውሳኔ በዚያን ጊዜም በኋላም የነቀፉ ነበሩ። በእውነትም የተከተለው ነገር መራራ ሆነ። ከሁለት ወር በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በማርሻል ግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ፣ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ያን አሰቃቂ ጭፍጨፋ ፈጸሙ። ከተማረኩትም የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ብዙዎቹ ያን ጊዜ ተገደሉ። ከእነርሱም መካከል ሌተና ኮሎኔል በላይ ኃይለ አብ፣ ክፍሌ ነሲቡ፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ፈቃደ ሥላሴ፣ የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ብንያምና ዮሴፍ ይገኙባቸዋል። አገሪቱ በብዙ ድካም ያስተማረቻቸው ልጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ አለቁ። ራስ እምሩ እነዚህ ሲሞቱ እርሳቸው መትረፋቸውን እያሰቡ ቀሪ ዕድሜያቸውን ኖሩ።

ታዲያ እጅ መስጠታቸው ስሕተት ነበርን? ቤተ ክርስቲያን ሰው የገዛ ሕይወቱ ጌታ እንዳልሆነ፣ ይልቁንም አደራ ጠባቂ እንደሆነ ታስተምራለች። ስለዚህ ከመማረክ ይልቅ ራስን ማጥፋት የሚለውን ደንብ፣ የወጣቶቹን የአገር ፍቅር እያከበርን እንኳ፣ ልንቀበለው አንችልም። በሌላም በኩል አለቃ የበታቾቹን ደም ለክብሩ ሲል እንዲያፈስ አልተሾመም። የተማረኩትን የገደለው የራስ እምሩ ውሳኔ አይደለም፤ ምርኮኛን የገደለው የገዳዩ ኃጢአት ነው። ፍርዱን በትክክለኛው ትከሻ ላይ ማኖር የፍትሕ መጀመሪያ ነው።

ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው ፖንዛ በምትባል ትንሽ ደሴት ታሰሩ። በኋላም በደቡብ ኢጣሊያ በካላብሪያ በግዞት ቆዩ። እዚህ ላይ የእግዚአብሔር ፍርድ ከሰው አሳብ የተለየ መሆኑን የሚያሳይ ነገር ተፈጸመ። ሙሶሊኒ በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን በወረደ ጊዜ ወደዚያችው ደሴት ተወስዶ፣ ቀድሞ ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ታሰረ። የደረሰበትም ቀን ሐምሌ 21 ነበር፤ አርበኞች ወደ አዲስ አበባ ገብተው በተዋጉበት ዕለት ልክ በሰባተኛው ዓመት ማለት ነው። ይህን የምናነሣው በሰው ውድቀት ደስ ለመሰኘት አይደለም። የምድር ኃይል ምን ያህል አጭር እንደሆነ ለማሰብ ነው እንጂ።

የኅብረት ጦር ወደ ደቡብ ኢጣሊያ በገባ ጊዜ ራስ እምሩ ነፃ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቭየት ኅብረት የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው አገልግለዋል። ልቦለድ መጽሐፍም ጽፈዋል፤ የሕይወት ታሪካቸው ደግሞ ከሞቱ በኋላ ታትሟል። ከሁሉ ይልቅ ግን ስማቸው በሕዝብ ዘንድ የሚነሣው ስለ መሬት ነው። ሌሎች መኳንንት ርስታቸውን ሲያሰፉ እርሳቸው የራሳቸውን መሬት ለጭሰኞቻቸው አከፋፈሉ። በዚህም ምክንያት አንዳንዶች ቀዩ ልዑል ይሏቸው ነበር።

ይህ መሬት የመስጠታቸው ነገር ከጎሬው ዘመን ጋር የተያያዘ ሆኖ ይታየኛል። በምዕራብ የገበሬው ልብ ከመንግሥት ርቆ ሳለ መንግሥት እንዴት እንደሚወድቅ በዓይናቸው አይተዋል። ብዙ ሹማምንት ያንኑ አይተው ገበሬውን ከሰሱ፤ እርሳቸው ግን ከራሳቸው እጅ ጀመሩ። እውነተኛ ንስሓ እንዲህ ያለ ነው፤ ያለፈውን ከማልቀስ አልፎ በእጅ የያዙትን መልሶ መስጠትን ይጨምራል።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ግርማሜ መፈንቅለ መንግሥት ባነሡ ጊዜ ራስ እምሩን ጠቅላይ ሚኒስትር አድርገው በራዲዮ አወጁ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ከሸፈ፤ ንጉሠ ነገሥቱም አብሮ አደጋቸውን አልቀጧቸውም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ በፈነዳ ጊዜ ደግሞ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ከሐምሌ እስከ መስከረም መጀመሪያ 1967 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ስለዚህ ራስ እምሩ ያደጉበት መንግሥት ለሁለተኛ ጊዜ ሲፈርስ አዩ ማለት ነው። በመጀመሪያው ውድቀት እንደራሴ ነበሩ፤ በሁለተኛው ግን ዝም ብለው የሚመለከቱ ሽማግሌ። ብዙ መኳንንት የተገደሉበትን ያን ዘመን በሕይወት አለፉ፤ በነሐሴ ወር 1972 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜም መሳፍንትን የሻረው የደርግ መንግሥት ራሱ በክብር ቀበራቸው።

ውድ ምእመናን፤ በተለይም በየቁምስናው ልጆቻችንን የምታስተምሩ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ የጎሬ መንግሥት ሰባት ወር ቆይቶ የጠፋ ነው። ግምጃ ቤትም፣ ሕንፃም፣ ሐውልትም አልተወም። ነገር ግን ሁለት ነገር ትቶልናል። አንደኛው፣ ሥልጣን ሸክም ብቻ ሆኖ በቀረበት ሰዓት እንኳ አደራን አለመጣል ነው። ጌታችን በደቀ መዛሙርቱ መካከል ታላቅ ሊሆን የሚወድ አገልጋይ እንዲሆን ያስተማረው ለሰላም ጊዜ ብቻ አይደለም። ሁለተኛው፣ ሕዝብን በፍቅርና በፍትሕ ያልያዘ መንግሥት፣ ቤተሰብም ቢሆን፣ ቁምስናም ቢሆን፣ ፈተና በመጣ ቀን የሚቆምለት እንደማያገኝ ነው። ለልጆቻችን የምናስተምረው የአርበኞችን ጀግንነት ብቻ ከሆነ ግማሹን ታሪክ ሰጠናቸው። በወለጋ ጎተራው የተከፈተበትን ገበሬም አብረን ብናስተምራቸው ግን ታሪኩን ሙሉ እናደርገዋለን።

ከየካ ተረተር ላይ ቁልቁል ስንመለከት ዛሬ ጢስ አይታይም። ለዚህ እግዚአብሔርን እናመስግን። ያ ጢስ ግን በየዘመኑ በልዩ ልዩ የአገራችን ክፍል ተመልሶ እንደታየ እናውቃለንና፣ ለሚገዙትም ለሚገዙላቸውም እንጸልይ። በጎጀብ ዳርቻ፣ በጎሬ፣ በቦነያና በተከዜ ሸለቆ የወደቁትን ሁሉ፣ የዚህኛውን ወገንና የዚያኛውን ሳንለይ፣ አምላካችን በምሕረቱ ያስባቸው። አሜን።